የፊልምና የጌም እንጀራ

ፌርፋክስ ጎዳና ከኦሎምፒክ መንገድ ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ግራና ቀኝ ይጀምራሉ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ይህችን አጭር የመንገድ ቁራጭ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያው ማዕዘን ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ሩብ ሰዓት ያህል የተራመደ ሰው ዊልሸር ላይ የአካዳሚውን የፊልም ሙዚየም ያገኛል። ኦስካርን የሚሰጠው ድርጅት በሴፕቴምበር 2021 የከፈተው ነው። ከሙዚየሙ ትንሽ ወደ ምሥራቅ የተዋንያኑ ማኅበር የሳግ-አፍትራ ዋና ጽሕፈት ቤት አለ። ፌርፋክስን ሳይለቁ ወደ ላይ ቢቀጥሉ ሦስተኛው መንገድ ማዕዘን ላይ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች ማኅበር፣ ከእሱ አለፍ ብሎ ደግሞ በ1952 የተከፈተው ቴሌቪዥን ሲቲ የተባለው ስቱዲዮ ይገኛል። የጌሙን ሠፈር ለፈለገ ኦሎምፒክን ይዞ ወደ ምዕራብ መንዳት ይበቃል፤ «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ»ን የሠራው ራዮት ጌምስ እዚያው ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ነው። ትንሽ አልፎ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ «ዘ ላስት ኦቭ አስ»ን የሠራው ኖቲ ዶግ አለ፤ «ጎድ ኦፍ ዋር»ን የሠራው ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ግን፣ ስሙ እንዲያ ቢሆንም፣ ፕላያ ቪስታ ነው ያለው።

ቅርበቱ ይህን ያህል ነው። በእኛ ቤት ግን ይህ ሥራ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ልጅ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ አካውንቲንግ፣ ቢበዛ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲል ፊቱ የሚፈካ ወላጅ «ጌም መሥራት እፈልጋለሁ» ሲባል «ጌም ደግሞ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» ይላል። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ሞኝ አይደለም። ሌሊት ፓርኪንግ ጠብቆ፣ ቀን ታክሲ ነድቶ ልጅ ያሳደገ ሰው የማያውቀውን ገበያ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። መልሱም «አዎ፣ ይሆናል፤ ግን ደመወዙ እንደ ሆስፒታል ደመወዝ ተረጋግቶ አይመጣም» የሚል ነው። እንዲህ ላለ ሙያ መዘጋጀት ዲግሪ ከመያዝ የተለየ ነገር ይጠይቃል፤ ማንም ሳይቀጥር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ያለቀች ሥራ በእጅ መያዝን።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። ከውጭ ለሚያየው ጌም መሥራት አንድ ሙያ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ የሠርግ ድግስ ነው፦ ወጥ የምትሠራው ጠጅ አትጥልም፣ ጠጅ የምትጥለው እንጀራ አትጋግርም፣ ሁሉንም የሚያዘው ሰውዬ ደግሞ በእጁ ምንም አይሠራም፤ እሱ ባይኖር ግን ሽንኩርቱ የሚከተፈው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው። ይህን አዛዥ ስቱዲዮዎች ፕሮዲዩሰር ይሉታል። ከእሱ ሥር ኮንሰፕት አርቲስቱ ገጸ ባሕርይዋን ይስላል፤ ሞዴለሩ ሥዕሉን በኮምፒውተር ውስጥ ከየአቅጣጫው ወደሚታይ አካል ይለውጠዋል፤ ሪገሩ ለዚያ አካል አጥንትና መገጣጠሚያ ይሠራለታል፤ አኒሜተሩ አጥንቱን ያንቀሳቅሳል። ፕሮግራመሩ ቁልፍ ሲነካ እንድትዘል፣ ስትወድቅ እንድትጎዳ ያደርጋል። ሌቨል ዲዛይነሩ ተጫዋቹ የት እንደሚደናገር፣ የት እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ያስባል። ሳውንድ ዲዛይነሩ የእግር ኮቴና የበር ሲጢጥታ ይቀርጻል። ቴስተሩ ቀኑን ሙሉ የሚጫወት ይመስላል፤ እውነቱ ግን አንድ በር ሁለት መቶ ጊዜ ከፍቶ በስንተኛው እንደሚበላሽ ይጽፋል። አካውንታንትና ጠበቃም አሉ፤ ለወላጅ የሚያጽናና ከሆነ።

ከነዚህ ሁሉ ለሐበሻ ቤት ልጅ አንዱን ምረጥ ብባል ቴክኒካል አርቲስት የሚባለውን እመርጣለሁ። ሠዓሊዎቹና ፕሮግራመሮቹ ቋንቋቸው አይገናኝም፤ አንደኛው ስለ ብርሃንና ቀለም ሲያወራ ሌላው ስለ ሜሞሪና ፍጥነት ያወራል። በመካከላቸው ቆሞ ለሁለቱም የሚተረጉም፣ እጁ መሳል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ኮድ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ቤተሰቡ ኮምፒውተር ሳይንስ ግባ ያለው፣ ልቡ ግን ሥዕል ላይ የቀረ ልጅ በየቤታችን ሞልቷል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሥራ መኖሩን የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ አንዱን ይቀብራል።

የዝግጅቱን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ግን ከጌም በፊት በዚህችው ከተማ የሆነ ነገር ነው። የአካዳሚው ሙዚየም ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት በተዘጋጀው የክብር ምሽት ከተሸለሙት መካከል ከሶፊያ ሎረን ጋር ኃይሌ ገሪማ ይገኝበታል። በ1946 ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ደራሲና ተውኔት አዘጋጅ በሆኑት በአባቱ በገሪማ ታፈረ ዙሪያ ነው ያደገው። በ1967 ትወና ለመማር ቺካጎ መጣ። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ ዩሲኤልኤ ገባ። ጊዜው ዩኒቨርሲቲው ለጥቁር፣ ለእስያ፣ ለሜክሲኮ ዝርያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተማሪዎች የፊልም ትምህርቱን በር በልዩ ፕሮግራም መክፈት የጀመረበት ነበር። ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ዉድቤሪ በዚያ ዘመን እዚያ የተማሩ ናቸው። ኋላ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች «የኤል ኤ ዓመፀኞች» ብለው ጠሯቸው።

የኃይሌን የተማሪነት ዓመታት በሥራዎቹ ርዝመት ብንከታተላቸው መሰላል ይመስላሉ። በ1971 አጭሩ «አወር ግላስ»፤ በ1972 ከግማሽ ሰዓት ጥቂት የሚያልፈው «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ»፤ በ1975 ሙሉው ፊልም «ቡሽ ማማ»፤ በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። ከትልቁ አልጀመረም። ብቻውንም አልሠራም። የ«ቡሽ ማማ»ን ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው። እነዚህ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ካሜራ እየያዘ፣ መብራት እያበራ፣ ድምፅ እየቀረጸ ነው ፊልማቸውን የጨረሱት። ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው ትልቁ ነገር ካሜራውና እርስ በርስ መተዋወቁ እንደሆነ እነሱን ያጠና ሁሉ ያየዋል፤ ማስታወሻ ደብተርና ፈተና ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ቡሽ ማማ» ሲጀምር የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች መንገድ ላይ ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ተዋንያን አይደሉም። ሊቀርጹ የወጡት ኃይሌና ጓደኞቹ ናቸው የተፈተሹት፤ ካሜራው ግን አልቆመም ነበር። ኃይሌም ያንን ጥሎ ሌላ ቀን ከመቅረጽ ይልቅ መክፈቻው አደረገው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ደግሞ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን ኢትዮጵያ ገብቶ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ያልሆነ የገጠር ሰዎችን ይዞ፣ በጥቂት ሳምንታት ቀረጸው። ፊልሙ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ታድሷል። የዛሬ ልጅ ኪሱ ውስጥ የያዘው ስልክ ከዚያ ካሜራ በብዙ ነገር ይሻላል፤ የጎደለው ካሜራ ነው ብሎ ማማረር ስለዚህ አያስኬድም።

ከኃይሌ አንድ ትውልድ በኋላ የመጣው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በዚሁ ከተማ ዩኤስሲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። «ድፍረት» የተባለው፣ በእውነተኛ ሰው ታሪክ ላይ የተመሠረተው ፊልሙ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ከሞላ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ የሚነካ ሥራ የሚጀምር ወጣት ስለ ፈቃድና ስለ መብት ከካሜራው በፊት ማሰብ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ስለ ትምህርት ቤት እንነጋገር፤ ገንዘቡ እዚህ ነው የሚፈሰው። የዩኤስሲ የጌም ትምህርት ክፍል ስሙ የተጠራ ነው። ከሻንጋይ መጥቶ እዚያ የተማረው ጄኖቫ ቼን በ2006 ለማስተርስ መመረቂያው የሠራት «ፍሎው» የምትባል ትንሽ ጌም ስቱዲዮ ለመክፈት አብቅታዋለች፤ በ2012 የወጣችው የስቱዲዮው ጌም «ጆርኒ» ሙዚቃዋ ለምስል ሥራዎች በሚሰጠው የሙዚቃ ዘርፍ ለግራሚ የታጨ የመጀመሪያው የጌም ሙዚቃ ሆነ። ይህን የሚሰማ ወላጅ ግን የዩኤስሲ የዓመት ክፍያ ከ60,000 ዶላር በላይ መሆኑንም ይስማ። በአንጻሩ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ለሆነ ተማሪ በመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የአንድ ክሬዲት ክፍያ 46 ዶላር ነው፤ ሦስት ክሬዲት ያለው አንድ ኮርስ 138 ዶላር ይመጣል። የሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ አኒሜሽን፣ ጌም ዲዛይንና ሌላውን ሚዲያ የሚያስተምርበት የራሱ ካምፓስ አለው፤ ኬሲአርደብልዩ የተባለው የታወቀ ሬዲዮ ጣቢያም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ዩሲኤልኤ ወይም ወደ ዩኤስሲ የሚዛወረው ተማሪ ብዙ ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ሠርቶ፣ በእጁ ሦስት ያለቁ ሥራዎች ይዞ የሚዛወር ልጅ በእኔ ግምት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ብድር ተሸክሞ ከገባው አይተናነስም። በግል የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶችን ግን «ሥራ እናስገባለን» የሚል ማስታወቂያ ይዘው ሲመጡ ተጠራጠሯቸው፤ ተመራቂዎቻቸው የሠሩትን አሳዩን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በተማሪ ቪዛ ለመጣ ልጅ ሌላ ስሌት አለ። ከተመረቀ በኋላ በሙያው የሚሠራበት ኦፒቲ 12 ወር ነው፤ የትምህርት ዘርፉ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዝርዝር ውስጥ ከተመዘገበ 24 ወር ይጨመርለታል። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ዲግሪዎች አንዱ ዝርዝሩ ውስጥ ሊኖር፣ ሌላው ላይኖር ይችላል። ከመመዝገቡ በፊት የዘርፉን ኮድ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የሁለት ዓመት የሥራ ፈቃድ በዚያች ቁጥር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ያለቀ ሥራ ስል ምን ማለቴ ነው? ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽንና የሞዴል ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ጎዶ የተባለው የጌም መሥሪያም እንዲሁ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበት አንሪል ኢንጂን እንኳ ጌሙ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እስኪያስገባ ምንም አያስከፍልም። ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ የሚካሄድ ግሎባል ጌም ጃም የሚባል ዝግጅት አለ፤ አንድ ርዕስ ይሰጥና የማይተዋወቁ ሰዎች ተቧድነው በ48 ሰዓት ያህል አንድ ጌም ይጨርሳሉ። ጌሙ ብዙውን ጊዜ ቀሽም ይሆናል። ግን አልቋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ሰፊ ዓለም ያለው ጌም ሲያልም ከኖረ ልጅ ይልቅ፣ ዶሮ መንገድ የምታቋርጥበትን የአምስት ደቂቃ ጌም የጨረሰ ልጅ ለቀጣሪ ብዙ ይነግረዋል፤ ጀምሮ እንደሚጨርስ፣ ከሰው ጋር እንደሚሠራ፣ የማይሆነውን ቆርጦ መጣል እንደሚችል።

ይህ ሲሰበሰብ ፖርትፎሊዮ ይሆናል። የሚያየው ሰው ጊዜ የለውም፤ ምርጡ ሥራ መጀመሪያ ይግባ። ሦስት ጥሩ ሥራ ከሦስት ጥሩና ከአምስት መካከለኛ ይበልጣል፤ ሰው የሚያስታውሰው ደካማውን ነውና። በቡድን የተሠራ ከሆነ «ይህ የእኔ ነው፣ ያ የሌላ ሰው ነው» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። ሙያው ሰፊ ይመስላል እንጂ ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት ነው፤ የሌላውን እጅ የራሱ ያደረገ ሰው ስሙ ቶሎ ይዞራል።

ሥራው ስለምን ይሁን? እዚህ ላይ የእኛ ልጆች ያልነኩት መሶብ አለ ብዬ አምናለሁ። በ2015 የወጣው የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያንን ከነሾተላቸው አስገብቶ የዮዲትን ታሪክ ያጫውታል፤ ወታደሮቹ ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ። በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» ዳግማዊ ምኒልክን አማርኛ እያናገረ፣ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እያሠራ አመጣቸው። ሁለቱም በሌሎች እጅ የተሠሩ ናቸው። ድምፁን ለመስጠት፣ ጽሑፉን ለማረም፣ «ይህ ልብስ የዚያ ዘመን አይደለም» ለማለት የሚከፈለው ሰው አለ። ያ ሰው ግን ቋንቋውን ከነጨዋታው መቻል አለበት፤ አማርኛን «ይገባኛል፣ ግን አልናገርም» የሚል ልጅ ይህ በር አይከፈትለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አማርኛ ትምህርት ተጎትቶ የሄደ ልጅ አንድ ቀን እናቱን ያመሰግናል የምለው ለሥነ ምግባር ብዬ አይደለም፤ ደመወዝ አለበት።

አገር ቤት ያሉት ደግሞ ሳይጠሩ ጀምረዋል። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለች የሩጫ ጌምና የገበታ ጨዋታን በስልክ አውጥቷል። በ2022 ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋር የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ አባል ሆኗል። በሥራት ደበበ በእጣን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር»ንና «ሐዊ»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳትሟል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ2005 የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ አንድ ትውልድ ፊደል አስቆጥሯል። ሎስ አንጀለስ ያለ ልጅ እነዚህን ሰዎች ጽፎ ቢያነጋግር ከሩቅ የሚሠራ ሥራ ባያገኝ እንኳ የሚያርመው ሰው ያገኛል።

አንድ ትንሽ የቴክኒክ ነገር ልጨምር። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንትም አለ። ሆኖም የጌም መሥሪያዎቹ ይዘውት የሚመጡት ፎንት ብዙውን ጊዜ ፊደላችንን ስለማይዝ አማርኛ ሲጻፍበት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ፎንቱን አስገብቶ፣ ከሦስት መቶ በላይ የሆኑትን ምልክቶች ስልክ ሳያንቀራፍፍ አሳይቶ፣ ያደረገውን ደረጃ በደረጃ ጽፎ ያወጣ ልጅ የቴክኒካል አርቲስት ፖርትፎሊዮ በዚያው ጀመረ ማለት ነው።

የገበያውን ክፉ ወሬ መደበቅ አይገባም። በ2023 የፊልም ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋንያን 118 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ከተማዋ በሙሉ፣ ምግብ አቅራቢውም ሾፌሩም፣ አብሮ ተራበ። በጃንዋሪ 2024 ራዮት 530 ያህል ሠራተኞቹን፣ ከመቶ 11 የሚሆኑትን፣ አሰናበተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የጌም ድምፅ ተዋንያን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ የጀመሩት የሥራ ማቆም አድማ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የተገታው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥራ ያገኘ ልጅ ከደመወዙ ላይ የስድስት ወር የቤት ኪራይ እስኪያጠራቅም መኪና ባይቀይር ጥሩ ነው። ከሥራ ሲሰናበትም ቤተሰቡ «ብለንህ ነበር» ባይለው። በዚህ ሙያ መሰናበት የሰነፍ ምልክት አይደለም፤ ሥራቸው የተሸለመ ሰዎች አብረው ወጥተዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን በተማሪ ገንዘብ፣ በሳምንት መጨረሻ እየቀረጸ ሠራው፤ ውስጡ ያስገባቸው ዘፈኖች መብት ስላልተከፈለ ፊልሙ እስከ 2007 ሲኒማ ቤት ሊገባ አልቻለም። መብቱን ለማስከፈት የወጣው 150,000 ዶላር ገደማ ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በፖርትፎሊዮ ጌም ውስጥ የጥላሁንን ዘፈን ማስገባት ቢያምርም፣ ክራር የሚጫወት ጓደኛ ጠርቶ አዲስ ማስቀረጽና ፈቃዱን በአንድ ገጽ ማስፈረም ይሻላል። ኃይሌ በበኩሉ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ጨርሶ አከፋፋይ ሲያጣ ለማንም አልሸጠውም፤ ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየ፣ ከዚያም ከተማ ለከተማ ይዞት ዞረ። ፊልሙ የእሱ ሆኖ ስለቆየ፣ በ2021 የኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት አሬይ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ እንዲወጣ ሲያደርገው የሚደራደረው ባለቤቱ ራሱ ነበር።

ለተቀጣሪ ግን ነገሩ ይጠብቃል። በስቱዲዮ ደመወዝ የተሠራ ሁሉ የስቱዲዮው ነው። የካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ክፍል 2870 ሠራተኛው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ የአሠሪውን ምስጢር ሳይነካ የፈጠረውን ለራሱ ያስቀርለታል፤ ሥራው ከአሠሪው ንግድ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም። ጌም ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ማታ ቤቱ የሚሠራት ጌም ከአሠሪው ንግድ ጋር አትያያዝም ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቅ። ብዙ የሥራ ውሎች መጨረሻቸው ላይ «ከመቀጠሬ በፊት የሠራኋቸው» የሚል ገጽ ያያይዛሉ፤ አዲስ ተቀጣሪ በደስታ ብዛት ባዶውን ትቶት ይፈርማል። እዚያ ገጽ ላይ ኮሌጅ የሠሯት ጌም፣ ጃም ላይ የጨረሷት፣ ግማሽ የቀረችው ኮሚክ፣ ስም ብቻ ያወጡላት ገጸ ባሕርይ ሳትቀር ከነቀኗ ትጻፍ፤ አንድ ኮፒም ቤት ይቀመጥ።